በሎሚ የታጠበ ግድግዳ

በነጭ ሜዳ ከተማ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው እድር ነው። ሰው ሲጠፋ ግን ቀድሞ የሚደርሰው አንባቢ ነው። አንባቢው ትንሽ መሰርሰሪያና የእጅ ሻንጣ የምታህል ማሽን ይዞ ይመጣል፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ የጠፋው ሰው ይተኛበት የነበረውን ክፍል ያሳዩታል። ከግድግዳው በጥፍር ጫፍ የሚነሣ ያህል ዱቄት ይወስድና ማሽኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ማሽኑ ኢንፍራሬድ የሚሉትን የማይታይ ብርሃን ዱቄቱ ላይ ይለቅና ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይሥላል። መስመሩ ሰውየው ነበረ፣ ወይም አልነበረም ይላል። ሥራው ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊት ያልቃል።

አያልነሽ አንባቢ ናት። ስሟ የቅድመ አያቷ ነው፤ እሷ በተወለደችበት ዘመን የድሮ ስም ማውጣት ተወዶ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራለች። ሰው ቤት ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የሰረሰረችውን ቀዳዳ ሳትደፍን አትወጣም። ከመሥሪያ ቤቱ አንባቢዎች ሁሉ ቅሬታ የማይቀርብባት እሷ ብቻ መሆኗን አለቃዋ ጋሽ ናሆም አንዳንዴ በስብሰባ ላይ ያነሣል። ያን ጊዜ መሬት መሬት ታያለች።

ሲሚንቶ ከቀረ ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያደገው በጂኦፖሊመር ቤት ነው። ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የመጣ አመድና ከሐይቅ የወጣ ሶዳ ተቀላቅሎ ይፈስሳል፤ እሳት ሳያይ ይደነድናል። ሲያዩት ድንጋይ ነው። ግን ጠጪ ድንጋይ ነው። ውስጡ የቀረው ሶዳ ሰው የሚተነፍሰውን እየያዘ ያስቀራል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ካርቦኔት ይሆናል። ባዶ ክፍልም ትንሽ ይጠጣል፤ ሰው የኖረበትን ያህል ግን አይሆንም። ሰው በኖረበት ክፍል መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ይላል። አንባቢዎች የትንፋሽ ጉድጓድ ይሉታል።

ድሮ ይህ የኬሚስቶች ጨዋታ ነበር። ሕግ የሆነው ከክፍል ዕደላው በኋላ ነው። ክፍል የሚሰጠው በቤተሰብ ብዛት ስለነበር ብዙ ሰው ያልወለደውን ልጅ አስመዘገበ። የልደቱም የክትባቱም የትምህርት ቤቱም ማስረጃ እንደ ሽንኩርት ገበያ ላይ ይገኝ ነበር። እነዚህን ልጆች ሕዝቡ የወረቀት ልጆች አላቸው። ከዚያ በኋላ ከተማው ወረቀት ማመን ተወና ግድግዳ ማመን ጀመረ። ሰው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሲሞላው ክፍሉ ይነበባል። ጉድጓዱ ካለ ሰውየው "የነበረ" ይባላል፤ ስሙ ይቆያል፤ ክፍሉም ለቤተሰቡ ይቀራል። ጉድጓዱ ከሌለ "ያልነበረ" ይባልና ክፍሉ ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል።

የዚያን ቀን ጠዋት የደረሳት አድራሻ ምሥራቅ በኩል ካሉት ፎቆች የአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። የጠፋው ሰው ወንድይራድ ይባላል። አመልካች እናቱ፣ ማራማዊት።

አድራሻውን ማንበብ አላስፈለጋትም።

አንባቢ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ለማሽኑ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት። ንባቡ እንዳይበላሽ፣ ወይም አንባቢው ለሚያውቀው ሰው እንዳያደላ ተብሎ የወጣ ነው። አያልነሽ ደረጃው ላይ ቆማ ማሽኑን ወደ አፏ አስጠጋችው።

"በዚህ ቤት ውስጥ ተንፍሼ አላውቅም።"

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ማሽኑ ድምፅ ይቀዳል እንጂ ውሸት አይለይም።

እሷና ወንድይራድ አንድ ላቦራቶሪ ነበር የተማሩት። እናቱ ከጠዋት እስከ ማታ ብሎክ ፋብሪካ ስለምትውል ለጥናት የሚመቸው የእነሱ ቤት ነበር። መጀመሪያ ለጥናት ነበር የምትመጣው። በኋላም ለጥናት ነው ትል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ላይ አፉን ሊያስነካ ምንም እስኪቀረው ተጠግቶ፣ "ስማ፣ እቺ ልጅ አያልነሽ ትባላለች። መዝግብ" አለው ግድግዳውን። ከዚያ ሣቀ፤ ሣቁ ሳልን አመጣ፤ ሳሉ አላቆም ብሎት መድኃኒቱን ፍለጋ ተሯሯጡ። አስም ነበረበት። የባሕር አየር ይሻልሃል ብለውት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አልጌ ከሚያመርቱት ተንሳፋፊ እርሻዎች ወደ አንዱ ተቀጥሮ ሄደ። ስመለስ ከእናቴ ጋር አስተዋውቅሻለሁ አላት። እርሻው በማዕበል መጥፋቱ በዜና የተነገረው ከአየር ትንበያው ጋር ተያይዞ ነበር።

አልችልም፣ ቤቱን አውቀዋለሁ ብትል ሌላ አንባቢ ይላክ ነበር። ግን ያ መስመር የእሱ ነው። ከወንድይራድ የቀረው ያ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲያየው አልፈለገችም።

እትዬ ማራማዊት በሩን የከፈቱት ነጠላቸውን አደግድገው፣ እንደ እንግዳ ተቀባይ ሆነው ነው። ሰባ ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። መዳፋቸው ሶዳ እንደነካው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለው። ግቢ ልጄ፣ ምነው እንዲህ አነስሽ፣ መሥሪያ ቤቱ አያበላችሁም እንዴ እያሉ አስገቧት። የቀዘቀዘ ውኃ በሎሚ አቀረቡላት። ጠጣችው።

ፍርሃት አልነበረባቸውም። አያልነሽን መጀመሪያ የከበዳት ይህ ነው። አንባቢ ሲመጣ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ይማጸናሉ፣ አንዳንዶች በእጇ የሆነ ነገር ሊያስጨብጧት ይሞክራሉ። እትዬ ማራማዊት ግን የልጃቸውን ውጤት ሊሰሙ ትምህርት ቤት እንደሄዱ እናት ደስ ብሏቸው ነበር።

"የሚፈራ የወረቀት ልጅ ያለው ይፍራ" አሉ። "ታች ያለችዋ ማህሌት አንባቢ ሊመጣባት ነው ሲባል ከየክፍለ ሀገሩ ዘመድ አስጠርታ፣ ግድግዳው ሥር ደርድራ ስታስተነፍሳቸው ከረመች። አጎትየው ራሱን ስቶ ወደቀ። ቢቸግራት እኮ ነው፤ አንድ ሳምንት ተንፍሶ ድንጋይ ይገባል?"

አያልነሽ ሣቀች። ሣቋ ራሷንም አስገረማት።

"የኔ ልጅ ግን" አሉ እትዬ ማራማዊት፣ "ሲተኛ ደረቱ እንደ አሮጌ ብስክሌት ነበር የሚጮኸው። እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ። ይኼ ግድግዳ ያንን ሁሉ ሰምቶ ዝም አይልም።"

ክፍሉ ተዘግቶ ነው የኖረው። እሳቸው እዚያ አይተኙም። ለበዓል ለበዓል ገብተው ያጸዱታል እንጂ ዕቃ እንኳን አያስቀምጡበትም። አልጋው ተነጥፏል። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ቁምሳጥኑ ቦታቸው ላይ ናቸው። አያልነሽ ዓይኗን ከግድግዳው ላይ ሳታነሣ ወደ አልጋው ራስጌ ሄደችና ቦታውን ሳትፈልግ አገኘችው። ሰረሰረች። ዱቄቱን አስገባች። ሲያበቃ ብናኙ እንዲወጣ ብላ መስኮቱን ከፈተች።

መስመሩ ተሣለ። የትንፋሽ ጉድጓዱ ሊኖር በሚገባበት ቦታ መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነበር።

ማሽኑ ነው የተሳሳተው አለች በልቧ። ሁልጊዜ ለማመሳከሪያ የምትይዘውን ብልቃጥ አውጥታ ሞከረችው፤ ማሽኑ ደኅና ነው። ቁምሳጥኑን ገፍታ ከጀርባው ወሰደች። ልሙጥ። ወንበር ላይ ወጥታ ከበሩ በላይ ወሰደች። ልሙጥ። ከዚያ ነው ሌላውን ነገር ያየችው። በመስመሩ መሐል ያለው ትልቁ ገደል፣ አንባቢዎች የድንጋዩ አጥንት የሚሉት፣ ከቦታው ሸሽቶ ነበር። አሲድ የድንጋዩን አሉሚኒየም በልቶ ሲሊካውን ብቻውን ሲያስቀረው እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከዚህ በፊት ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአቼቶ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ።

ወደ ሳሎኑ ዞራ አየች። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከሥሩ የሎሚ ፍሬ ቀርቶበታል።

"እትዬ፣ ይኼን ክፍል የሚያጸዱት በምንድነው?"

እትዬ ማራማዊት ጥያቄውን እንደ ሙገሳ ነው የወሰዱት። በነጭ ሜዳ የቤቶች ግድግዳ ዓመት ሲሞላው ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ሽበት ይሉታል። ሌላው ሴት በመጥረጊያ ብቻ ያራግፈዋል፤ እሳቸው ግን የፋብሪካ ሰው ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ሶዳ ሰው ላይ ሲረጭ መድኃኒቱ ሎሚ ነው፤ ሁሉም ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ ሎሚ ይዞ ነው የሚገባው። ሽበቱ ከግድግዳው የወጣ ሶዳ ነው፤ ሶዳ ደግሞ ለደረት ጠላት ነው። ስለዚህ ወንድይራድ ከተወለደ ጀምሮ ለእንቁጣጣሽም፣ ለገናም፣ ለፋሲካም የእሱን ክፍል በሎሚ ውኃ ከላይ እስከ ታች አጥበዋል። መሰላል ተውሰው ነው። ቁምሳጥኑን አስነሥተው ነው። ከሄደም በኋላ አላቋረጡም፤ ድንገት ቢመጣ ብለው።

"እንዲተነፍስልኝ ብዬ" አሉ። "ይኸውልሽ፣ አንዲት ሽበት አታገኚበትም።"

አያልነሽ ስልክ አለብኝ ብላ ወደ ደረጃው ወጣች።

ጋሽ ናሆም ክፉ ሰው አይደለም። ታሪኩን በጥሞና ሰማት። በሎሚም ሆነ በአቼቶ የታጠበ ግድግዳ በሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለው፤ የአጥንቱ መሸሽ ከታየ ነዋሪው ቃሉን ሰጥቶ ስሙንም ክፍሉንም ማትረፍ ይችላል። ግን አጥቤያለሁ ማለት ብቻ አይበቃም። ሰዎች ቀልድ አድርገውት ስለነበር ቃሉ ተቀይሯል፤ ነዋሪው ምን እንዳጠፋ አውቆ፣ ያን በራሱ አፍ መናገር አለበት። አንባቢው መስመሩን አሳይቶ ሊያስረዳው ግዴታ አለበት።

"ሴትየዋ ታውቃለች?" አላት ጋሽ ናሆም።

"አያውቁም።"

"እንግዲያው ተያት። ባዶ ነው በይና ውጪ። እኛን ትስደበን፣ ማሽኑን ትስደበው። ለሰደበን ሰው ይቀለዋል። ያን ቃል ሰጥተው ቤታቸውን ጥለው የሄዱ አሉ፤ ክፍሉ ተርፎላቸው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ማህሌት የተባለችው ጎረቤት መሆኗ አይቀርም፣ ታች አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ታንጎራጉራለች። አያልነሽ ዝም ብትል እትዬ ማራማዊት እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚቆጡት ሰው ይኖራቸዋል። ወንድይራድ ግን ያልነበረ ሰው ይሆናል። አፉን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ስሟን የተናገረው ልጅ አልነበረም ይባላል። እሷም ያልነበረ ሰው ወድዳ እንደነበር ተደርጎ ትኖራለች፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማንም አይጠይቃትም። ተነሥታ ስትገባ የምታደርገው ለእናቱ ብላ ይሁን ለራሷ ብላ አልለየችም። በኋላም ስታስበው አልተለየላትም።

አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማሽኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በዝግታ ነገረቻቸው። ይኼ የሰው ትንፋሽ የሚታይበት ቦታ ነው። ይኼ ደግሞ የእርስዎ ግድግዳ ነው። ሎሚው ሽበቱን ብቻ አይደለም የሚያነሣው፤ ውስጥ ድረስ ገብቶ የተጠራቀመውን ትንፋሽም ያጠፋል። እትዬ ማራማዊት መስመሩን በጠቋሚ ጣታቸው ሳይነኩት ተከተሉት። ልሙጡ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ሎሚው ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"በውኃ ብቻ ባጥበው ኖሮ?"

"ይኖር ነበር።"

"ከልጅነቱ ጀምሮ ያለው?"

"ሁሉም።"

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ታች የምታንጎራጉረው ሴት ዘፈኗን ጨርሳ ሌላ ጀመረች።

"እኔ ደግሞ ነገር ስይዝ አልጨርስም ብዬ አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ሌላዋ ብትሆን እኮ አንድ ጥግ ትዘነጋ ነበር።"

አያልነሽ ቃሉን መስጠት ግዴታ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ምን እንደሚባል ይነበብልኝ አሉ። አነበበችላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ማሽኑን እንደ ሰው አዩት።

"በዚህ ክፍል የነበረውን የልጄን የወንድይራድን ትንፋሽ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ማሽኑ ቢጫ አበራ። ከውስጡ የሚወጣው ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ "ድምፅዎ በግልጽ አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙ" አለ።

አያልነሽ ልታጠፋው እጇን ስትልክ እትዬ ማራማዊት እጇን ያዙት። ሁለተኛውን ጎላ አድርገው ተናገሩ። የታችኛዋ ሴት ዘፈን ቆመ። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ፣ አመሰገነ፣ ወንድይራድ የነበረ ሰው መሆኑን አስታወቀ።

ዕቃዋን ሰብስባ ቀዳዳዎቹን ስትደፍን ክፍሉ ውስጥ ሆነው ያዩዋት ነበር። የመጨረሻው ከአልጋው ራስጌ ያለው ነው። እሱን ስትደፍን እጇ ዘገየ። መስኮቱን ለመዝጋት ስትዞር እትዬ ማራማዊት ቀድመዋት መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

"ይኼ መስኮት" አሉ፣ "ብረቱን ወደ ላይ አንሥተው፣ ከታች በመዳፍ መታ ካላደረጉት አይከፈትም። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሲታገለው ነው የማውቀው። አንቺ ግን ቅድም በአንዴ ነው የከፈትሽው።"

አያልነሽ የመስኮቱን ብረት አየች። ጆሮዋ ጋለ።

"ያን ጊዜ ከሥራ ስገባ አንዳንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቶ አገኝ ነበር። ወንዴ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።" ወደ እሷ ዞሩ። "ያጠብሽው አንቺ ነሽ?"

መምጣቷ እንዳይታወቅ ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ አንሶላውን አስተካክላ፣ ወለል ላይ የወደቀ ጸጉሯን ለቅማ ነበር የምትሄደው። አንድም ነገር አልተወችም። እሷም ነገር ስትይዝ ሳትጨርስ አትተውም ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች።

እትዬ ማራማዊት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ሳያመጣሽ ቀረ አሉ። ከዚያም መስኮቱን ራሳቸው ዘጉት።

አሁን አያልነሽ እሑድ እሑድ እዚያ ትሄዳለች። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገረችም፤ ከታወቀ ሥራዋን ታጣለች። ብዙ አያወሩም። እትዬ ማራማዊት መጀመሪያ ላይ ወደ ክፍሉ መግባት አቅቷቸው ነበር፤ ወንበር አምጥተው ደፉ ላይ ይቀመጡና እሷን ከውስጥ ያስቀምጧታል። አንድ ጊዜ ወንዴ በስንት ጭቅጭቅ ልብስ ይቀይር እንደነበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በልጅነቱ የፋብሪካውን ፊሽካ በአፉ እየነፋ ሠራተኛውን ለምሳ ማስወጣቱን አወሩ። የዚያን ቀን ሁለቱም ሣቁ። ሎሚ ከዚያ ቤት ወጥቷል። ውኃው ባዶውን ነው የሚቀርበው።

ያ ክረምት እርጥበት በዛበት። እንቁጣጣሽ ሲመጣ የወንድይራድ ክፍል ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታጠብ ዋለ። በማግስቱ አያልነሽ ስትመጣ እትዬ ማራማዊት ክፍሉ ውስጥ፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከራስጌው በላይ፣ እሷ የደፈነችው ቀዳዳ አጠገብ፣ እንደ ዱቄት የሳሳ ነጭ ነገር ወጥቶ ነበር።

በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡት።

አያልነሽ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የግድግዳው ሶዳ ትንፋሽ ይዞ ሲወጣ ነው ሽበት የሚሆነው። የእሱ ሊሆን አይችልም። ከእሱ የቀረ ነገር እንደሌለ በገዛ ዓይኗ አይታለች። ይህ የእሑዶቹ ነው፤ የእሷና የእሳቸው። ከተጠየቀች እንዴት እንደምትመልስ እያሰበች ሳለ እትዬ ማራማዊት ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

"ማሽኑ የማን እንደሆነ ይለያል?"

"አይለይም፣ እትዬ። ሰው መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቀው።"

"ጥሩ" አሉ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸው ድንጋዩን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ አቅርበው፣ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብለው ተነፈሱ።